በአባዬ ጀርባ ላይ ያለው ስም

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ካዝ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ያ ሲያስቸግርህ የከረመው ጆሮህስ እንዴት ሆነልህ? ባሕሩ ተረጋግቷል ወይስ አሁንም እያናወጠ ምግብ ይከለክልሃል? ይህ ደብዳቤ መርከባችሁ ወደብ ካልደረሰች በቀር እጅህ እንደማይገባ አውቃለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን፣ ወረቀቱ በመንገድ የሚቆይበትንም ጊዜ ሁሉ ደምሬ ነው እንዴት ነህ የምልህ። እኛ ደህና ነን። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ዘንድሮ ቀድሞ መጥቶ በበር በመስኮቱ እየገባ ያንገበግበናል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። የአባዬ ትከሻ እንደምታውቀው ነው፤ ክንዱን ከጆሮው በላይ ማንሳት አይችልም፤ ይህንን ግን ለማንም አይናገርም። እማዬን ብርዱ ሲገባ ጣቶቿ እንቢ ይሏታል። ጠዋት ጠዋት የሞቀ ውኃ ውስጥ ነክራ ካልቆየች ቁልፍ እንኳ መቆለፍ ይከብዳታል። ውሻችን ዱባ አርጅቷል፤ የፖስታ ሰውዬው ላይ መጮህ ትቶ ጅራቱን ይቆላለት ጀምሯል፤ አባዬ በዚህም ተናዷል።

ባለፈው ደብዳቤህ «ስለ ቡድናችን ንገሪኝ፤ እዚህ የሚደርሰን የጨዋታው ውጤት ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ሳይሆን ነገሩን ጻፊልኝ» ብለህ ነበር። ወይ ወንድሜ! ቁጥሩ ቢበቃህ ይሻልህ ነበር። ግን አንተ ጠይቀህ እኔ ዝም አልልም። በስልክ ባወራህም አባዬ ከጎኔ ሆኖ ስለሚያቋርጠኝ ነገሩን እስከ መጨረሻው አትሰማውም። ስለዚህ ተመቻችተህ ተቀመጥ።

ይኸውልህ፣ በሚያዝያ አዲሱን ኳርተርባክ፣ ኳሱን ለጓደኞቹ እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራውን ልጅ፣ ስንመርጥ ሰፈራችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ታይሪ ፕሩዊት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ እኩል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኳስ ሲወረውር ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ነው የቀረው፤ ከሜዳው ጫፍ ወርውሮ በሚሮጥ ሰው እቅፍ ውስጥ ያስቀምጥልሃል። እንደዚህ ያለውን ልጅ እኛ፣ ዕድል ፊቷን ያዞረችብን የቶሌዶ ሰዎች፣ ከሁሉም ቀድመን መረጥነው። አባዬ ቀለም የለቀቀውን የቡድናችንን የእቶኖችን ባንዲራ በረንዳው ላይ ሰቀለ። ማዶ ያሉትን ጎረቤታችንን፣ ስለ አጥሩ ከተጣሉ ወዲህ ሰላም ብሏቸው የማያውቀውን ሰውዬ፣ አቅፎ ሳማቸው። እኔም በግንቦት ተመርቄ፣ በነሐሴ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ እንዳስተምር ተቀጥሬ ነበርና፣ ዘንድሮ ነገር ሁሉ የሚጀመርበት ዓመት ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ታዲያ መስከረም መጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ ልጁ የወረወረው የመጀመሪያ ኳስ በቀጥታ ወደ ተቃራኒው ተጫዋች ሄደ። በቀጥታ ስልህ፣ ልክ እንደ ስጦታ። ሰውዬው ራሱ ደንግጦ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ይዞት ሮጠና ነጥብ አስቆጠረ። «የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ይለምዳል» አልን። በሁለተኛው ሳምንት ኦማሃዎች እንደ ከረጢት አነሱትና ጣሉት፤ አሁንም ጣሉት፤ ከፊቱ ቆመው ሊከላከሉለት የሚገባቸው ወንድሞቹ እንደ አውቶቡስ በር ተከፍተው ያሳልፉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ነው አልን። በአራተኛው አሰልጣኙ ነው አልን። ከዚያ ወዲያ የምንለው አለቀብን። ይህን ስጽፍልህ እስካሁን አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። አንድም! የሉዊቪል ደጋፊዎች ሜዳችን ድረስ መጥተው «እቶናችሁ ጠፍቷል፤ ክብሪት እንላክላችሁ?» እያሉ ዘፈኑብን። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ቋሊማችን እየተጎራረሱ።

አንጀቴን ያሳረረው መሸነፉ ብቻ አይደለም። ለመሸነፍ ማን ብሎን፣ ለምደነዋል። ያሳረረኝ ልጁ አንዳንዴ የሚያደርገው ነገር ነው። በመሃል አንዲት ኳስ ይወረውራል፣ ካዝ፣ እንባህ እስኪመጣ ድረስ ታምራለች። ሰማዩን ቀድዳ ሄዳ ጫፍ ላይ ትወርዳለች። ስታዲየሙ ተነስቶ ያብዳል። ቀጥሎ የሚወረውራት ደግሞ የገዛ ጓደኛው ጀርባ ላይ ትነጥራለች። ምንም ተስፋ ባይሰጠን ቁርጣችንን አውቀን ቤታችን እንተኛ ነበር። እሱ ግን እየቆነጠረ ተስፋ ይሰጥና መልሶ ይነጥቀናል።

ትምህርት ቤትም ሰላም አላገኘሁም። ልጆቹ ጠዋት ስገባ «ሚስ ዛዋዳ፣ ፕሩዊት ሒሳብ ያስተምረን፤ ዜሮን እንደሱ የሚያውቃት የለም» ይሉኛል። አንዷ ወረቀት ጠቅልላ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወርውራ ስትስት ክፍሉ በሙሉ «ፕሩዊት!» ብሎ ይጮሃል። መጀመሪያ እስቅ ነበር። ኋላ ሳስበው ወረቀቱ የሚበር በእኔ ክፍል ነው፤ የሚስቁትም እኔ እያስተማርኩ ነው። በኅዳር ርእሰ መምህሯ ከኋላ ቁጭ ብለው ሳስተምር ሊያዩኝ መጡ። ያን ቀን ያዘጋጀሁት ሁሉ ከራሴ በረረ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ስሌት ራሴ ተሳሳትኩት፣ ልጆቹ አረሙኝ፣ ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ርእሰ መምህሯ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ዓመቱ ረጅም ነው» አሉኝ። ማጽናኛ ይሁን ማስፈራሪያ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን ወደ ማሊያው ልምጣ። አያታችን የተዉልንን ያንን ቡናማ ማሊያ አስታውሰህ ሳትስቅ እንደማትቀር አውቃለሁ። እማዬ አዲስ ኳርተርባክ በመጣ ቁጥር በአሮጌው ስም ላይ አዲሱን እየሰፋች፣ ጀርባው እንደ ፍራሽ ወፍሯል። ከሥር ኬስለር አለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቱ የተሰበረው። በላዩ ዱፕሬ አለ፣ ቤት ሻጭ ሆኖ አሁን ፎቶው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሚስቅብን። በእሱ ላይ ያ ሄዶ ለሌላ ቡድን ተጫውቶ እኛኑ መጥቶ ያሸነፈን ከሃዲ አለ፤ ስሙን እቤት ውስጥ መጥራት ክልክል ነው። አንተ በሄድክበት ዓመት ከሁሉም በላይ ብራኒጋን ተሰፍቶ ነበር፤ እሱ ዓምና ጫማ ሰቅሏል።

ዘንድሮ እማዬ በነሐሴ የፕሩዊትን ስም ከቢጫ ጨርቅ ቆርጣ አዘጋጅታ ነበር። አባዬ ግን ከለከለ። «ገና ሳይጫወቱ የሰፋንላቸው ሁሉ ምን እንደሆኑ አየሽ። የመርፌው ነገር ገፊ ነው። አንድ ጨዋታ ያሸንፍ፣ ያን ጊዜ ይሰፋለታል» አላት። የብራኒጋንንም ፊደላት በምላጭ ፈትቶ፣ የድሮዎቹን ስሞች የሸፈነውን ቡናማ ጨርቅ ብቻ ተወ። ስለዚህ አባዬ ዓመቱን ሙሉ ጀርባው ባዶ ማሊያ ለብሶ፣ ቢጫው ጨርቅ ደግሞ በእማዬ የክር ቅርጫት ውስጥ ተጣጥፎ ነው የከረመው። አባዬ የልጁን ስም መጥራትም ተወ። «ያ ልጅ» ነው የሚለው። «ያ ልጅ ዛሬም ሰጣቸው?» «ያ ልጅ ቁርስ በልቶ ነው የመጣው?»

ነገሩ የከረረው በኅዳር መጨረሻ፣ ከሜዳችን ውጪ ሲጫወቱ በቴሌቪዥን እያየን ሳለ ነው። ርእሰ መምህሯ ክፍሌን ያዩበት ሳምንት ነበር። ልጁ ሁለት ኳስ ካስጠለፈ በኋላ አባዬ ከወንበሩ ተነሳና ቴሌቪዥኑን በጣቱ እየጠቆመ «ጥሬ ነው! ገና ጥሬ ነው! ሳይበስል ማን አምጡት አለ? ያስወጡት!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሆድ ብሶኝ ነበርና «እኔንስ አባዬ? እኔንም ያስወጡኝ? እኔም እኮ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው» አልኩት። «አንቺን ምን አገናኘሽ? አንቺ ኳስ አትወረውሪ» አለኝ። «አዎ፣ እኔ ላይ ነው የሚወረወረው» አልኩት። እማዬ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።

አባዬ ግን ሙቀቱ ላይ ነበርና አልሰማንም። እዚያው ቆሞ ማለልን። «በሜዳችን እስከሚጫወቱት የመጨረሻ ጨዋታ ድረስ አንድ ካላሸነፉ ወንበሮቹን እለቃለሁ። በቃኝ። አባቴም ከመቃብር ሆኖ ይፈርድልኛል» አለ። ሦስቱን ወንበሮች፣ ካዝ! ስታዲየሙ ሲከፈት አያታችን የያዟቸውን፣ ተጫዋቾቹ ከሚወጡበት ዋሻ አፍ በላይ ያሉትን የመጀመሪያ ረድፍ ወንበሮች። እንደምታውቀው የሚቀጥል ሰው በዚያው ሳምንት እቀጥላለሁ ብሎ ማሳወቅ አለበት፤ አንዴ ከለቀቅናቸው ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ልክ የለውም፤ አይመለሱም። አንተ በመጪው መስከረም ስትመለስ ምን ላይ ልትቀመጥ ነው? ወንበርህን እያሞቅኩልህ የቆየሁት ለማን ነው? ይህን ስለው «ወንድምሽ ከባሕር መጥቶ ይህን እንዲያይ ነው የምትፈልጊው? እዚያ ያለው ማዕበል አይበቃውም?» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በከፊል ትክክል መስሎኝ ነበር።

ያለፈው እሑድ ያ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። እማዬ ብርዱን ፈርታ ዘንድሮ ስታዲየም መሄድ ትታለች። ቢሆንም እንደ ሁልጊዜው አባዬን በር ላይ አቁማ ማሊያውን ከካፖርቱ በላይ አለበሰችው፤ ክንዱን ስለማያነሳ አንገቱን አስገብታ፣ እጁን በእጇ ይዛ ነው የምታሳልፍለት። የዚያን ቀን ወደ በሩ ከማዞሯ በፊት ጀርባውን ሁለት ጊዜ በመዳፏ ደልደል አደረገችለት። እኔ መኪና እያሞቅኩ ስለነበር ከመስታወቱ ጀርባ ነው ያየኋቸው። ልብ አላልኩም።

ስታዲየሙ ጋ ደርሰን መኪናችንን ከላሞንት መኪና አጠገብ አቆምን። ላሞንት እንደ ድሮው ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ከሰሉን አቀጣጥሎ የጎድን አጥንት እየጠበሰ፣ አላፊ አግዳሚውን እየሰደበ ያበላል። ዘንድሮ ግን ከሳህኑ ጋር የወረቀት ከረጢት ያድል ነበር፤ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ የተበሳለት። «ፊትህን ሸፍን ሽማግሌው፣ ከዚህ ቡድን ጋር ማን ይታያል?» አለው አባዬን። አባዬ ለዚህ ለከረጢት ነገር ያለውን ጥላቻ ታውቃለህ። «ፊቱን የሚሸፍን ሌባ ነው» ሲለን ነው ያደግነው። የዚያን ቀን ግን ከረጢቱን ተቀበለና ራሱ ላይ አጠለቀው። ካዝ፣ ክው ነው ያልኩት። አባታችን ከረጢት!

ከረጢቱን አስተካክሎ አጥንት ሊያነሳ ሲዞር ጀርባውን አየሁት። ፕሩዊት ይላል። ቢጫ ሆኖ፣ ትልቅ ሆኖ፣ ከትከሻ ትከሻ። ስፌቱ የእማዬ የድሮው ስፌት አይደለም፤ እዚህ ሰፋ፣ እዚያ ጠበብ ያለ፣ አንዱ ፊደል ወደ ጎን ያዘመመ ነው። እነዚያ ጣቶቿ ስንት ማታ ለፍተውበት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ሰውየው ፊቱን በልጁ አፍሮ ሸፍኗል፣ በጀርባው ደግሞ የልጁን ስም ተሸክሟል፤ አያውቅም! ላሞንትም አየ። አፉን ሊከፍት ሲል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩለት። መቆንጠጫውን እንደያዘ ወደ ከሰሉ ዞሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አባዬ «ምን ያስቅሃል?» ሲለው «ጭሱ ነው፣ ጭሱ» አለው።

ወንበራችን ስንደርስ ከኋላችን ያለችው ኡርሱላ፣ አውቶቡስ ትነዳ የነበረችው፣ ገና ሳንቀመጥ አየችው። ድምፅዋን ታውቀዋለህ፤ ስታስነጥስ ዳኛው ይደነግጣል። «ዛዋዳ! አንተ ጉደኛ! ለካ ልብ አለህ!» አለችው። አባዬ ስለ ከረጢቱ የምትናገር መስሎት «ልብማ ቢኖረኝ እዚህ እመጣ ነበር?» ብሎ መለሰላት። ረድፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ሲሄድ ከኋላችን ሳቅ አልጠፋም። አባዬም ሰው በቡድኑ እየሳቀ ነው ብሎ ያምን ስለነበር በእያንዳንዱ ሳቅ ራሱን እየነቀነቀ «ሳቁ፣ ይገባናል» ይላል። እኔ መሃረቤን ነክሼ ነው የተቀመጥኩት።

ጨዋታውን ምን ብዬ ልንገርህ። እስከ ዕረፍት አንድ ነጥብ አላገባንም። ከዕረፍት መልስ ልጁ ከእነዚያ ከሚያምሩት ኳሶች አንዷን ወረወረ፣ ጫፍ ላይ ተያዘች፣ ነጥብ ሆነች፤ ሳላስበው የማላውቀውን ሰው አቅፌ ነበር። አባዬ አልተነሳም፤ ግን በቀዳዳው በኩል ዓይኑ ሲበራ አይቻለሁ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ልዩነቱ ጠበበ፤ ኳሷ በእጃችን ናት፣ የሜዳው ግማሽ ቀርቶናል፣ አንድ ጥሩ ውርወራ ይበቃናል። ስታዲየሙ ቆመ። አባዬም ቆመ። «በል እንግዲህ፣ በል ያ ልጅ» ሲል ሰማሁት። ልጁ ኳሷን ተቀበለ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግራ አየ፣ ወረወረ። ጠለፏት። ይህን ሁሉ ዓመት እንዳደረገው፣ በእጃቸው አስቀመጠላቸው።

ካዝ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ቡ» እያለ ያወግዘው ጀመር፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ጮኽኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ወንበራችን ሲሄድ፣ አንተ ስትመጣ፣ ክፍሌ፣ የሚበረው ወረቀት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝና በዚያ ልጅ ላይ አወረድኩት። አባዬ ግን አልጮኸም። በራሱ ሜዳ «ቡ» ብሎ አያውቅም፤ ያንን እንኳ ከረጢቱ አላስረሳውም።

ጨዋታው አልቆ ተጫዋቾቹ ወደ ዋሻው ሲመጡ ሕዝቡ ዘንድሮ የጀመረውን አደረገ። ጀርባውን ሰጣቸው። ዋሻው አፍ ላይ ያለነው በሙሉ ዞር አልን። አባዬም አንዴ ሜዳውን አየና ቀስ ብሎ ዞረ፤ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ጀርባውን ለዋሻው ሰጠ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ግን ዘግይቼ ነበር። ምን ልበለው? «አባዬ አትዙር» ልበለው?

እኔ ሙሉ በሙሉ መዞር አቅቶኝ በጎን ቆሜ ነበርና ልጁን አየሁት። የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ መሬት መሬት እያየ ይመጣል። በቴሌቪዥን ከሚታየው ያንሳል፤ ወይም ልጅነቱ ነው ያሳነሰው። አንድ ሰው ከረጢቱን ጠቅልሎ ወረወረበት፤ ትከሻውን መታው። ቀና አለ። ያየው የጀርባ ግድግዳ ነው፤ አንዳንዱ ባዶ፣ አንዳንዱ የድሮ ተጫዋች ስም። በመሃል የእሱ ስም። ቆመ። ሁለተኛ አነበበው መሰለኝ። ከዚያ ከመንገዱ ወጥቶ መጣና የብረት አጥሩን በአንድ እጁ ይዞ ተንጠራራ፣ በሌላው የአባዬን ጀርባ መታ መታ አደረገ፣ ልክ ስሙ ላይ።

አባዬ ዞረ። ከረጢትና ልጅ ፊት ለፊት ተያዩ። ልጁ «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ስሜን ለብሶ የመጣ ሰው ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው» አለው። አባዬ ወደ እኔ ዞረ፤ ወደ ጀርባው ለማየት አንገቱን አጣመመ፤ አይታይም። ልጁ ደግሞ «ግን ከረጢቱ ለምንድነው?» ብሎ ጠየቀው። ኡርሱላ ከኋላችን «ለብርዱ ነው!» ብላ ጮኸች።

አባዬ ከረጢቱን አወለቀ። ፀጉሩ ቆሟል፣ ጆሮው ቀልቷል። ማላገጥ ይችል ነበር፤ «ስህተት ነው፣ ሚስቴ ናት» ማለት ይችል ነበር። ልጁን አየው። ዓመቱን ሙሉ በቴሌቪዥን ሲሰድበው የነበረውን ልጅ በዚያ ርቀት አየው። ከንፈሩ ከብርዱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል፣ አገጩ ላይ የደረቀ ደም አለ። አባዬ «ብርድ ነው ልጄ። ግባ» አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ገባ።

መኪና ውስጥ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ አባዬ «እናትሽ ናት» አለ። «አዎ» አልኩት። «አንቺ ታውቂያለሽ?» «ከላሞንት ጀምሮ» አልኩት። «ኡርሱላም?» «አባዬ፣ ስታዲየሙ በሙሉ» አልኩት። መሪውን ይዞ ትንሽ ሄደና «ለካ ለዚህ ነው ሲስቁ የዋሉት» አለ። ከዚያ የሳቀ መሰለኝ፤ ወይ አስሎ ይሆናል።

ቤት ስንገባ እማዬ ሾርባውን ጥዳ ቆማ ጠበቀችን። ውጤቱን ሰምታለች። ምንም ሳትል ማሊያውን ልታወልቅለት ክንዱን ያዘች። አባዬ ጎንበስ አለላት፤ ሲወልቅ ከእጇ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በስሙ ላይ የልጁ እጅ በጭቃ ታትሞ ነበር፣ አምስቱም ጣት። እማዬ «እንዳትቆጣ። ሰው ባልተጠራበት እንዴት ይመጣል ብዬ ነው» አለችው። እሱ ያችን ያዘመመችውን ፊደል በጣቱ ነካ አደረገና «ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አላት። እማዬ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ «አምጣው፣ ልጠበው» ስትለው «አይታጠብም» ብሎ ራሱ ወስዶ መስቀያው ላይ ሰቀለው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ በረንዳው ላይ በረዶ እየጠረገ አገኘሁት። ቀና ሳይል «ወንበሮቹን እንቀጥላለን ብያቸዋለሁ። ሦስቱንም» አለኝ። «መሐላህስ?» ስለው «እኔ ያለሁት አንድ ካላሸነፉ ነው። ገና ከሜዳችን ውጪ ሁለት ይቀራቸዋል» አለኝ። እንዲህ እንዳላለ እኔም እሱም እናውቃለን። አካፋውን ተቀብዬው ጠረግኩ።

የተረጋጋሁ እንዳይመስልህ። አሁንም አንጀቴ እርር ብሏል። ያቺ የመጨረሻ ኳስ ማታ ማታ ዓይኔ ላይ ትመጣለች፤ ቀኙ ባዶ ነበር፣ ካዝ፣ በቀኝ በኩል ብቻውን የቆመ ሰው ነበር! በቀጣዩ እሑድ ደግሞ ኦማሃ ሄደን እንደምንዋረድ ሰማይ ምድሩ ያውቃል። ግን ማክሰኞ ክፍል ገብቼ አንድ ወረቀት ሲበርና ክፍሉ «ፕሩዊት!» ሲል፣ ያነሳሁትን ወረቀት እኔም ወደ መጣያው ወረወርኩ። ሳትኩ። አበዱልኝ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡና፣ ማመን ቢያቅተኝም፣ ደወል እስኪደወል ድረስ አስተማርኩ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እናትህ በሞቀ ውኃ የነከረችውን እጇን ጠርጋ «ልጄን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፣ ካልሲውን ሳይቀይር እንዳይተኛ» ትልሃለች። ላሞንት የጎድን አጥንት ቀርቶልሃል፣ ግን አይጠብቅህም ብሏል። ኡርሱላ ከመርከቡ ላይ ሆነህ ብትጮህ እንደምትሰማህ ነገረችኝ፤ አምናታለሁ። ዱባ እግሬ ሥር ተኝቷል፤ ስምህን ስጠራ አንድ ጆሮውን አነሳ። አጠገብህ ለሚተኛው ለኦርቲዝ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሉዊቪል ደጋፊ መሆኑን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ክብሪት ግን እንዳይልክ። እኔ እህትህ በናፍቆት እቅፍ አድርጌ ስሜሃለሁ፤ ወንበርህም እየሞቀልህ ነው።

አባዬ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጦ የእሑዱን ጨዋታ እንደገና እያየ ነው። እንደ ድሮው ይሰድባል፣ ጠረጴዛውንም ይመታል። አሁን ግን «ያ ልጅ» አይልም። «ፕሩዊት!» ይላል፣ «አንተ ፕሩዊት! ቀኝህን እይ እንጂ፣ ልጄ!»

እህትህ ዋንዳ
ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ዲሴምበር 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.